ስለ ስንዴ ስትጽፉ ስለ ዋግም ጻፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ለዓመታት አንብቤያለሁ እንጂ ጽፌላችሁ አላውቅም። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ሰሞኑን ስለ ስንዴ ምርት ያወጣችሁት ዘገባ ነው። ዘገባው ጥሩ ነው። ሄክታሩም ኩንታሉም በደንብ ተቆጥሯል፣ ኮምባይነሩ ማሳ ውስጥ ሲገባ የሚያሳየው ፎቶም ደስ ይላል። የስንዴ አገር ልጅ ነኝና በደስታ ነው ያነበብኩት። ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ዋግ የሚለውን፣ የስንዴውን በሽታ።

ተወልጄ ያደግኩት አርሲ ነው። አባቴ እስከ ዛሬ ያርሳል። እኔ ግብርና ተምሬ ዘጠኝ ዓመት የልማት ሠራተኛ ሆኜ ሠራሁ፣ ገበሬው ዲኤ የሚለን ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ኑሮዬን ወደ አዳማ ያዞርኩት። ተመራማሪ አይደለሁም። የምጽፈው ማሳ ውስጥ ቆሜ ያየሁትንና ከተመራማሪዎቹ ጋር ስዞር የተማርኩትን ነው።

ህዳር 2006 ዓ.ም.ን ልንገራችሁ። የአባቴ ማሳ ስምንት ጥማድ ነበር፣ ሁለት ሄክታር መሆኑ ነው። ሁሉም ዲጋሉ የሚባለው የስንዴ ዝርያ ተዘርቶበታል። ጥቅምት ላይ ያየው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር የሚያደንቀው። ዛላው ሞልቷል፣ ቅጠሉ አንድ እንከን የለውም። አባቴ ሰማንያ ኩንታል አገኛለሁ ብሎ ሒሳቡን ጨርሶ ነበር፣ የእህቴን ሠርግ ሳይቀር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ደወለልኝና «ግንዱ ላይ የሆነ ነገር አያለሁ፣ ናና እየው» አለኝ። ስደርስ የስንዴው አገዳ ላይ የሸክላ ቀለም ያለው ነገር ቆዳውን ቀድዶ ወጥቷል። በጣቴ ሳሸው ዱቄቱ እጄ ላይ ቀረ። የግንድ ዋግ ነበር።

ሦስት ሳምንት አልፈጀም። ያ ሁሉ ስንዴ ጠቁሮ፣ ግማሹ ከወገቡ ተሰብሮ ተኛ። ኮምባይነር የሚያከራየው ሰው መጥቶ ጥቂት ዛላ በመዳፉ አሽቶ እፍ ሲለው ፍሬው ከገለባው ጋር በረረ። «አባባ፣ ይሄ የነዳጅም አያወጣልኝ» ብሎ ተመለሰ። አባቴ ምንም አላለም። በማግስቱ ከብቶቹን ለቀቀበት። ከቀረው ጥግ በእጅ አጭደን አራት ኩንታል አገኘን፣ እሱም የሟሸሸ፣ ለዶሮ የሚሆን እንጂ ለወፍጮ የማይሆን። እኛ ብቻ አይደለንም። ያን ዓመት አርሲና ባሌ ውስጥ ዲጋሉ የዘራ ብዙ ገበሬ ማሳው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶበታል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ለምን ሁላችሁም ዲጋሉ ዘራችሁ?» ቢለኝ እውነት አለው። መልሱ ያለው ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ነው። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ አገሩን አጥለቀለቀው። በዚያን ጊዜ ማሳውን የሞላው ኩብሳ የሚባለው ዝርያ ነበር፣ ጋላማም ነበረ። ዝናቡ ረዘመ፣ ብርዱም ለቢጫ ዋግ የሚመች ሆነ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ስንዴ ተመታ። እኔ አዲስ ዲኤ ነበርኩ። ማሳ ለማሳ ስዞር ውዬ ማታ ቤት ስገባ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቢጫ ሆኖ ነበር፣ እርድ ውስጥ የነከሩት ይመስል። እናቴ ሦስት ጊዜ አጥባው ቀለሙ አልለቀቀም። በዚያ ሁሉ መሀል ሳይነካ የቆመው ዲጋሉ ነበር። ገበሬ ዓይኑ ያየውን ያምናል፣ እኛም የታዘዝነውን እናስተምራለን። «ዲጋሉ ዝሩ» እያልኩ በየመንደሩ የዞርኩት እኔው ነኝ። ለአባቴም ዘሩን ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ብጽፍ ትክክል አይሆንም።

በ2006ቱ ጥፋት ማግስት ከጎረቤቶቻችን አንድ ሽማግሌ አጥር ላይ ተደግፈው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። «ላቀች ሄደች። ዳሸን ሄደ። እንኮይ ሄደ። ኩብሳ ሄደ። ይኸው ዲጋሉም ሄደ። ቀጥሎ የምታመጣልን ማን ይባላል፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ የሽማግሌው ቆጠራ አንድም ስህተት የለውም። ላቀችን በ1960ዎቹ አጋማሽ የግንድ ዋግ አወጣት። ዳሸንን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢጫ ዋግ ጣለው። እንኮይን በ1986 ዓ.ም. እንደገና የግንድ ዋግ። ኩብሳን ቢጫ ዋግ፣ ዲጋሉን የግንድ ዋግ። እያንዳንዱ ስም ሲመጣ «ይሄኛው አይነካም» ተብሎ ነው የመጣው። እያንዳንዱም አገሩን ከሞላ በኋላ ነው የወደቀው።

የምለው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። እነዚህ ዘሮች መጥፎ ስለነበሩ አይደለም የወደቁት። ጥሩ ስለነበሩና ሁሉም ሰው እነሱን ብቻ ስለዘራ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳ። ዋግ ፈንገስ ነው፣ ሕይወት ያለው ተክል ላይ ካልሆነ አይኖርም። ዱቄቱ፣ ባለሙያዎቹ ስፖር የሚሉት፣ በንፋስ ይሄዳል፣ ከወረዳ ወረዳ ብቻ ሳይሆን ከአገር አገር፣ ባሕርም ይሻገራል። ቅጠል ላይ ካረፈ በኋላ የሚፈልገው ጤዛ ነው። ሌሊቱን ጥቂት ሰዓት እርጥበት ካገኘ ይበቅልና ወደ ተክሉ ሰውነት ይገባል። በሁለት ሳምንት ገደማ የራሱን ዱቄት ያፈልቃል፣ ያም ዱቄት እንደገና ይበተናል። ቢጫ ዋግ ብርድ ስለሚወድ ደጋውን ይመርጣል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለውን ይወዳል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዘግየት ብሎ፣ ገበሬው «ተረፍኩ» ካለ በኋላ ነው። የቅጠል ዋግም አለ፣ እሱ እንደ ሁለቱ ጨካኝ አይደለም።

ምርምሩ የሚያደርገው ስንዴው ውስጥ የመከላከያ ዘረመል ማስገባት ነው። ያ ዘረመል ካለ ዋጉ ይመጣና በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ግን ዋጉ በአንድ ማሳ ብቻ ስፍር ቁጥር የሌለው ስፖር ነው የሚያፈልቀው። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዱ ትንሽ ተለውጦ በሩን መክፈት ቢችል፣ ወይም የሚችለው ከሌላ አገር በንፋስ ቢመጣ፣ አለቀ። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም፣ ወረዳውም ዞኑም ያው አንድ በር ነው ያላቸው። ሁሉም ቤት በአንድ ቁልፍ ሲቆለፍ ሌባው የሚለፋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን ዓለምም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። ዩጂ 99 የሚባለው የግንድ ዋግ እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ታየ፣ ስሙንም ያገኘው በተለየበት ዓመት ነው። የሰበረው መከላከያ በብዙ አገር ስንዴ ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአረንጓዴ አብዮት አባት የሚባሉት ኖርማን ቦርሎግ፣ የ91 ዓመት አዛውንት ሆነው፣ ዓለም ተኝቷል ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ነው ገንዘብም ትኩረትም የመጣው። ኬንያ ንጆሮ ላይና እዚህ ደብረ ዘይት ላይ ከብዙ አገር የመጣ ስንዴ ሆን ተብሎ ለዋጉ እየተጋለጠ እንዲፈተን የተደረገው በዚያ ምክንያት ነው።

ዲጋሉ ደግሞ ዩጂ 99ን የሚችል ዘር ነበር፣ ይህን አትርሱልኝ። የጣለው ሌላ የዋግ ዝርያ ነው፣ ባለሙያዎቹ በአምስት የላቲን ፊደል የሚጠሩት። ያ ዝርያ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ ደግሞ ጥፋቱ ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በናሙና ታውቆ ነበር። ታውቆ ነበር! ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ እውቀት አባቴ ማሳ ድረስ ለመምጣት አንድ ዓመት አልበቃውም። ቢደርስስ? የሚለወጥ ሌላ ዘር በበቂ መጠን አልነበረም።

ስለዚህ ምርምሩ አልሠራም የሚል ሰው ካለ አልስማማም። አምቦ ያሉት የዕፅዋት ጥበቃ ተመራማሪዎች ናሙና ሰብስበው ዋጉን በዝርያ የሚለዩት ስንት ደክመው እንደሆነ አይቻለሁ። የቁሉምሳ፣ የሲናናና የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ሰዎች፣ መኪና ሲጠፋ በእግር ማሳ ለማሳ ይዞራሉ። ድሮ የቢጫ ዋግን ናሙና ውጭ አገር ልኮ ውጤት መጠበቅ ወራት ይፈጅ ነበር። አሁን ሻንጣ ውስጥ የሚገባ የዘረመል መመርመሪያ መጥቶ፣ የእንግሊዙ ጆን ኢንስ ማዕከል ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ሲሚት ከሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ጋር ያዘጋጀው፣ እዚሁ አገር በሁለት ቀን ገደማ መልስ መስጠት ተችሏል። የንፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ሁኔታ አስልቶ ዋጉ በሚቀጥለው ሳምንት ወዴት ሊሄድ እንደሚችል የሚተነብይ ሥርዓትም አለ፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከኛ ባለሙያዎች ጋር የሠሩት። እነዚህ ትልልቅ ነገሮች ናቸው። ጋዜጣ ላይ የፊት ገጽ የሚገባቸው ናቸው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። አንድ አዲስ የስንዴ ዝርያ ለማውጣት አሥር ዓመት አካባቢ ይፈጃል። ከወጣ በኋላ ደግሞ የአራቢ ዘር፣ ቅድመ መነሻ፣ መነሻ፣ የተመሰከረለት ዘር እየተባለ በየደረጃው መባዛት አለበት። ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ተኩል ዘር ይሄዳል። ሠላሳ ኩንታል ቢመረት አንዱ ሃያ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ሁሉም ነገር ከተሳካ። በዚህ ሒሳብ ከጥቂት ኩንታል ተነስቶ አንድ ዞን ለመሸፈን ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። የሚያባዛው ድርጅትም ገበያ ያለውን ነው የሚያባዛው፣ ገበያ ያለው ደግሞ ገበሬው የለመደው አንድ ዘር ነው። ገበሬው የለመደው ደግሞ ሌላ ስላላገኘ ነው። እንዲህ እየተሽከረከርን ነው ስድሳ ዓመት የሄድነው።

በየወረዳው ቢያንስ አራት አምስት ዝርያ፣ የመከላከያ ዘረመላቸው የተለያየ፣ ጎን ለጎን መዘራት አለበት። አንድ ዝርያ ከወረዳው ስንዴ ሲሶውን ከያዘ በኋላ ዘሩን በገፍ ማከፋፈል ይቁም። ቁጥሩ የኔ ግምት ነው፣ ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል። ግን አንድ ወሰን ይኑር። ዘር የሚለወጠውም ከወደቀ በኋላ አይሁን፣ ገና ቆሞ እያለ፣ ገበሬው እየወደደው እያለ ይሁን። ይሄ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ጥሩ ምርት የሰጠውን ዘር ተው ብሎ ገበሬ ማሳመን ቀላል አይደለም። አባቴን ራሱን ለማሳመን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ገበሬ ዘንድ የሚያስቸግር ሌላ ነገርም አለ። ዋጉን ጨርሶ የማያስጠጋው ዘር እንዳለ ሁሉ፣ ዋጉ ይዞት ግን ቀስ ብሎ ብቻ የሚሄድበት ዘር አለ። ቅጠሉ ላይ ትንሽ ትንሽ ነጠብጣብ ይታያል፣ ፍሬው ግን ይሞላል። እንዲህ ያለው መከላከያ ከብዙ ትናንሽ ዘረመሎች የተገነባ ስለሆነ ዋጉ በአንድ ለውጥ ብቻ አይሰብረውም፣ ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል። ኪንግበርድ የሚባለው ዝርያ ከነዚህ አንዱ ነው። ግን ገበሬ ማሳው ላይ ነጠብጣብ ሲያይ «ይሄም ተያዘ» ብሎ ይደነግጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት አይዘራውም፣ የሚያብረቀርቀውን ይመርጣል። የሚያብረቀርቀው ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚወድቀው ነው። ይህን ልዩነት ማስረዳት የዲኤ ሥራ ነበር፣ እኔ ግን ዲኤ ሆኜ ራሴ ያወቅኩት ከአምስተኛ ዓመቴ በኋላ ነው። ማንም አላስተማረኝም።

ስለ መድኃኒቱም ትንሽ ልበል። ኬሚካል ይረዳል። ቲልት በሄክታር ግማሽ ሊትር በጊዜው ከተረጨ ማሳ ያድናል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። በጊዜው የሚለው ቃል ላይ ነው ሁሉ ነገር ያለው። ከዛላው በታች ያለችው የመጨረሻዋ ቅጠል ናት ፍሬውን የምትመግበው፣ እሷ ሳትያዝ ወይም ገና መያዝ ስትጀምር ካልተረጨ ገንዘብ መሬት ላይ ማፍሰስ ነው። የሞተ ቅጠል በመድኃኒት አይነሳም። ገበሬው ግን የሚረጨው ማሳው ቢጫ ሆኖ ከሩቅ ሲታየው ነው፣ ምክንያቱም ኬሚካሉ ውድ ነው፣ መርጫውም የጎረቤት ነው፣ ውሃውም ከወንዝ በአህያ ነው የሚመጣው፣ ለአንድ ሄክታር ሁለት መቶ ሊትር። ተራው እስኪደርሰው ዋጉ አይጠብቀውም። ደግሞ ቲልትና ናቱራ ስማቸው ይለያይ እንጂ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ የሚመቱትም አንድ ቦታ ላይ ነው። በየዓመቱ እነሱን ብቻ ስንደጋግም ፈንገሱ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። ዘሩ ላይ የሠራነውን ስህተት ኬሚካሉም ላይ እንዳንደግመው እፈራለሁ።

አንድ ዓመት አባቴ ከአንድ ሱቅ የገዛው ጠርሙስ ምንም ሳይሠራ ቀረ። በኋላ ሳየው የማብቂያ ቀኑ የተጻፈበት ቦታ ተፍቋል። ሁለት ቀን ሙሉ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ረጭቶታል፣ ያለ ጓንት፣ ያለ አፍ መሸፈኛ፣ በነጠላው አፉን አስሮ። ሳላማርርበት ማለፍ የማልችለው ነገር ይሄ ነው። የኬሚካል ዋጋ ሲወደድ ዜና ይሆናል። ያለ መከላከያ ልብስ የሚረጨው የገበሬ ሳንባ ግን ዜና ሆኖ አላየሁም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር አለ። ቀድሞም ባሌ ውስጥ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፣ ገና እና ቦና በሚሏቸው ወቅቶች። አሁን በዚያ ላይ የበጋ መስኖ ስንዴ ተጨምሯል። በምርቱ ደስ ይለኛል፣ ቆላ ላይ ስንዴ ሲያጭዱ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ግን ዋግ ሕይወት ያለው ተክል ካላገኘ አይኖርም ብያለሁ። ድሮ በጋ ሲገባ ማሳው ይደርቃል፣ ዋጉም ይቀንሳል፣ ከወደቀ ፍሬ በራሱ የበቀለው ገቦ ላይ ተጠግቶ ነው ክረምቱን የሚጠብቀው። አሁን ዓመቱን ሙሉ አንዱ ቦታ ስንዴ አረንጓዴ ነው። ስንዴውን ስናሰፋ ክትትሉንም በዚያው ልክ ካላሰፋን ለዋጉ ድልድይ እየሠራንለት ነው። ቢያንስ ለመስኖውና ለመኸሩ የሚሰጠው ዘር ያው አንድ መሆን የለበትም። ዘገባችሁ ስለ መስኖ ስንዴ አንድ ገጽ ሙሉ ሲጽፍ ይህን አንድ ጥያቄ ለባለሥልጣኑ ቢያነሳ ኖሮ እኔም ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ስንዴ ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደጋው ላይ ባቄላ ምን እንደደረሰበት የሰሜን ሸዋን ሰው ጠይቁ። ቅጠሉን ጉብ ጉብ እያደረገ የሚያቆረፍደው በሽታ፣ ቆርምድ የሚሉት አሉ፣ ከመጣ ወዲህ ባቄላ መዝራት የተዉ ቤተሰቦች አሉ። ባቄላ ሲቀር ሽሮው ብቻ አይደለም የሚቀረው። ባቄላ የነበረበት መሬት ላይ በዓመቱ ገብስ ወይም ስንዴ ሲዘራ መሬቱ በርትቶ ነው የሚጠብቀው፣ ፈረቃው ሲቋረጥ ስንዴ በስንዴ ላይ ይዘራል፣ በሽታውም ይደራረባል። ይህ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚወጣው እዚህ ላይ ልተወው።

አንድ የሚያስቆጨኝን ነገር ግን ልጨምር። መፍትሔው ያለው እጃችን ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከኢትዮጵያ የተወሰደ የገብስ ዘር ነበር። ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የነሰነሱ የሚመስለውን የፈንገስ በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ተገኘበት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አውሮፓ የሚዘራው የገብስ ዝርያ ውስጥ ገብቶ ለአሥርት ዓመታት ሳይሰበር እየሠራ ነው። የእኛ አያቶች መርጠው ያቆዩት ገብስ ነው እንግዲህ የእነሱን ማሳ የሚጠብቀው። የግንድ ዋግን የሚከላከል አንድ ዘረመልም በእኛው የዱረም ስንዴ ውስጥ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንካችን ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር የአገር ስንዴና ገብስ ተቀምጧል። ያ ሀብት የሚጠቅመን ወጥቶ ሲፈተን፣ ሲዳቀል፣ ተመልሶ ማሳ ሲገባ ነው።

አያቶቻችንም ቢሆኑ ይህን ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። አያቴ ስንዴ ስትዘራ አንድ ወጥ አልነበረም፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ጺም ያለውም የሌለውም አንድ ላይ ነበር። ትግራይ ውስጥ ሐንፈጽ የሚሉት የስንዴና የገብስ ቅይጥ እስከ ዛሬ ይዘራል። እኛ ኮሌጅ ገብተን «ያልጠራ ዘር» ብለን ናቅነው። ምርቱ ያንስ ነበር፣ ይሄ እውነት ነው፣ ወደዚያ እንመለስ አልልም። ግን አንዱ ሲመታ ሌላው ይቀር ነበር። በአያቴ ዘመን በዋግ ምክንያት ማሳ ላይ ከብት ተለቀቀ ሲባል አልሰማሁም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስንት ኩንታል ተመረተ ስትሉ ከስንት ዓይነት ዘር እንደተመረተ ጠይቁ። በዞኑ በብዛት የተዘራው ዝርያ ማን ይባላል፣ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ ከአምቦ ናሙና ላይ ምን ዓይነት ዋግ ተገኘ፣ እሱ ቢወድቅ የሚተካው ዘር ስንት ኩንታል ተዘጋጅቷል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቀላል አማርኛ አውጡት። ሬዲዮ ጣቢያዎችም በኦሮምኛ ያንብቡት። ገበሬ 8028 ደውሎ የሚሰማው ምክር አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከተማ ያለ ልጁ ጋዜጣ አንብቦ ቢደውልለት ከዚያ በላይ ይሰማዋል። እኔ አባቴን ያሳመንኩት እንዲህ ነው።

ዘንድሮ ስምንቱ ጥማድ ላይ ሦስት ዓይነት ስንዴ ዘርቷል። ሦስተኛውን ለማግኘት ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ በመጨረሻም ያገኘሁት ከአንድ ገበሬ በለውጥ ነው። በየሳምንቱ የወንድሜ ልጅ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። እስካሁን ንጹሕ ነው።

ጋዜጠኛ ልካችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በጥቅምት አጋማሽ ይምጣ፣ እኔ ራሴ አዳማ ተቀብዬ እወስደዋለሁ። አባቴም ደስ ይለዋል፣ እሸትም አይጠፋም። ነጣ ያለ ሱሪ ይልበስ። ማሳዎቹን ከዳር እስከ ዳር አብረን እናቋርጥና ሲወጣ ጉልበቱን እንየው።

አክባሪያችሁ፣
ከአዳማ